ቪቲቲ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ኦንላይን ሮልፕሌይ ጌም (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባህሪ ይዞ አብሮ ታሪክ የሚጫወትበት) የምንጫወት ሰዎች አንድ የጋራ በሽታ አለብን፣ ጨዋታው ሳይጀመር ዕቃ መግዛት። ካምፔይኑ፣ ማለትም በተከታታይ የምንጫወተው ታሪክ፣ ሁለት ሴሽን እንኳ ሳይሞላው ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ሶፍትዌር ገዝቷል፣ የማፕ ጥቅል ገዝቷል፣ ሲንከባለል እሳት የሚተፋ ዳይስ ሳይቀር ገዝቷል፣ ከዛ በሶስተኛው ሳምንት ግማሹ ተጫዋች "ብሮ ዛሬ አይመቸኝም" ብሎ ይጠፋል። እኔም በዚህ በሽታ ተይዤ ስለነበር በማንም ላይ አልፈርድም፣ ግን ከኔ ኪስ የወጣው ከናንተ እንዳይወጣ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ለአዲስ ሰው በአጭሩ፣ ቨርችዋል ቴብልቶፕ ወይም ቪቲቲ የሚባለው ጠረጴዛ ከበን የምንጫወተውን ጨዋታ ስክሪን ላይ የሚያመጣ ሶፍትዌር ነው። ማፑ፣ ማፑ ላይ የሚንቀሳቀሱት ቶክኖች፣ ዳይሱ፣ የየሰዉ ገጸ ባህሪ መረጃ የሚጻፍበት ካራክተር ሺቱ ሁሉም እዛ ውስጥ ናቸው። ሮል20፣ ፋውንድሪ፣ ፋንታሲ ግራውንድስ፣ አውልቤር ሮዲዮ ምናምን ሲባል የምትሰሙት ይሄን ነው። ዲኤንዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ) የሚባለውን ታዋቂ ሮልፕሌይ ጌም ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ሲያወጡት በወረቀትና በእርሳስ ነበር የሚጫወቱት፣ ዛሬም በወረቀትና በእርሳስ ይሰራል። ስለዚህ ጥያቄው "የቱን ቪቲቲ ልግዛ" ከመሆኑ በፊት "መግዛት አለብኝ ወይ" ነው፣ የብዙ ሰው መልስ ደግሞ ገና ነው።

የኛን ግሩፕ ልንገራችሁ ምክንያቱም ምሳሌዬ ሁሉ ከሱ ነው። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ፣ ሁለት ልጆች አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ። ዲኤሙ እኔ ነኝ። የምንጫወተው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ነው።

አንደኛ፣ ምን እንደቸገራችሁ ጻፉ

ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን አምሮት ሳይሆን ባለፈው ሴሽን እውነት ጨዋታውን ያቆመባችሁን ነገር። ሴሽኑ እንዳለቀ፣ ሳትተኙ፣ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ በማግስቱ ትረሱታላችሁ። የኛ የመጀመሪያ ዝርዝር ይሄን ይመስል ነበር፣ ፍልሚያ ሲጀመር ማን የት እንደቆመ አይታወቅም (ልጅቷ "እኔ በሩ ጋ ነኝ" ትላለች፣ ሌላው "በሩ ጋ እኮ እኔ ነበርኩ" ይላል፣ አስር ደቂቃ እንጨቃጨቃለን)፣ አንዱ ልጅ እቤቱ ዳይስ እየጣለ በሁለት ሴሽን አምስት ጊዜ 20 (ትልቁ ቁጥር) ወጣልኝ ብሎ ይምላል፣ የጭራቆቹን ህይወት እኔ በወረቀት ስደምርና ስቀንስ እሳሳታለሁ፣ የአዲስ አበባዎቹ ድምጽ ይቆራረጣል፣ በኖቬምበር አሜሪካ ሰዓት ስትቀይር ለኛ 1 ፒኤም የነበረው 12 ፒኤም ሆኖ እኔ ራሴ አንድ ሰዓት አርፍጄ ገባሁ።

አሁን ዝርዝሩን አንድ በአንድ እዩት። የቦታ ጭቅጭቁን ቪቲቲ ይፈታዋል። የዳይሱን ነገርም ይፈታዋል፣ ግን እሱን ዲስኮርድ (በድምጽ የምናወራበት አፕ) ላይ አቭሬ የሚባለው ነጻ ቦትም ይፈታዋል፣ ሁሉም እያየ ዳይስ ይጥላል፣ መሃላ አያስፈልግም። የኔን የሂሳብ ስህተት ቪቲቲ ይረዳል፣ ኤክሴልም ይረዳል። የድምጹንና የሰዓቱን ነገር ግን የትኛውም ሶፍትዌር አይነካውም። እንዲያውም ድምጹን ሊያብሰው ይችላል፣ ለምን እንደሆነ ኢንተርኔቱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ዝርዝራችሁ ላይ ቪቲቲ ብቻ የሚፈታው ነገር ከሌለ እዚህ ጋ ማንበብ አቁሙ፣ ዲስኮርድ ይበቃችኋል። ጨዋታችሁ ወሬው የሚበዛበት፣ ፍልሚያው በወር አንዴ የሚመጣ ዓይነት ከሆነ ማፕ እንቅፋት ነው የሚሆንባችሁ፣ ሰው ዲኤሙን ማዳመጥ ትቶ ቶክኑን ማሽከርከር ይጀምራል። አይቼዋለሁ። ንጉሡ እየተናገሩ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ፈረሱን በክብ ያዞራል።

ሁለተኛ፣ ሶስት ሴሽን በነጻ ተጫወቱ

ከነጻው ሳትጀምሩ የሚከፈልበትን አትንኩ። መጀመሪያ አውልቤር ሮዲዮን ሞክሩ፣ ብራውዘር ላይ ነው፣ ተጫዋቾቹ አካውንት ሳይከፍቱ በሊንክ ብቻ ይገባሉ፣ ማፕ ታስገባላችሁ፣ ቶክን ታስቀምጣላችሁ፣ በቃ። ቀሎ የተሰራ ነው፣ ሩሉን አያውቅላችሁም፣ ሂሳብም አይሰራላችሁም። ከዛ ሮል20ን በነጻ አካውንት ሞክሩ። እሱ ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፣ ካራክተር ሺቱ፣ ዳይሱ፣ ማፑ በነጻው ውስጥ አለ፣ ተጫዋቹ የሚያየውን በካራክተሩ ዓይን ልክ የሚገድበው ዳይናሚክ ላይቲንግ የሚባለው ነገር ግን ለከፋይ ነው። ፋውንድሪን ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሳትገዙ እሱን የሚጠቀም ሰው ጨዋታ ውስጥ በተጫዋችነት ግቡ፣ ተጫዋች ምንም አይከፍልም።

የመጀመሪያውን ሴሽን አትቁጠሩት። ሁሉም ሰው "ድምጼ ይሰማል? ማፑ አልመጣልኝም፣ የት ጋ ነው የምጫነው?" ሲል ያልቃል፣ በሱ ከፈረዳችሁ ሁሉም ቪቲቲ መጥፎ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ሁለት ነገር ያዙ። አንዱ እናንተ ዲኤሞቹ ለዝግጅት የወሰደባችሁ ሰዓት ነው። ሌላው "ኢኒሼቲቭ ጣሉ" (በፍልሚያው ማን ይቀድማል የሚለውን የሚወስነው ዳይስ) ካላችሁበት እስከ መጀመሪያው ምት ድረስ ያለው ጊዜ፣ ስልክ ላይ ስቶፕዋች ክፈቱና ያዙት፣ አትሸማቀቁ። ሶፍትዌሩ ጥሩ ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ይቀንሳል፣ የመጀመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ይጨምራል። እኔ በወረቀት አንድ ሰዓት ይበቃኝ የነበረው ዝግጅት ግድግዳ መሳል፣ መብራት ማስቀመጥ፣ በር መክፈቻ ማስተካከል ሲመጣ ሶስት ሰዓት ሆነብኝ። ማንም ሳይገባበት የቀረ ዋሻ ላይ አንድ ሙሉ ምሽት አጥፍቻለሁ፣ ልጆቹ በሩን አይተው "አይ ይሄ ደስ አይልም" ብለው ዞረው ሄዱ።

ይሄ የዝግጅት ሰዓት ከዶላሩ በላይ ዋጋ ነው። ሁለት ስራ የምትሰሩ ወይም ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ በተለይ።

ሶስተኛ፣ ማን ነው የሚከፍለው?

እዚህ ጋ ሰው ይምታታበታል። ሶስት ዓይነት አከፋፈል አለ። ፋውንድሪ አንዴ ይከፈላል፣ ከወጣበት ከ2020 ጀምሮ ዋጋው 50 ዶላር ነው፣ ታክስ ሊጨመርበት ይችላል፣ የሚከፍለው ዲኤሙ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ በብራውዘር በነጻ ይገባሉ። ሮል20 ላይ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ነው፣ እዛም ዲኤሙ ከከፈለ ዳይናሚክ ላይቲንጉ ለግሩፑ በሙሉ ይሰራል። ሶስተኛው እንደ ቴብልቶፕ ሲሙሌተር ነው፣ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ይሸጣል፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መግዛትና ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አለበት። አምስት ሰው ከሆናችሁ ዋጋውን በአምስት አባዙት፣ ከዛ ኮምፒውተር የሌለውን ሰው አስቡት። የስቲሙ አንድ ጥሩ ነገር በ14 ቀን ውስጥ ከሆነና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁበት ብራችሁን መመለሱ ነው፣ ስለዚህ ከገዛችሁ ወዲያው ፈትኑት፣ ለቅዳሜ አታስቀምጡት።

በኔ እምነት ግሩፓችሁ ውስጥ አገር ቤት ያለ ሰው ካለ ሶስተኛውን ዓይነት ከነጭራሹ እርሱት። ከአገር ቤት በብር ካርድ የውጭ ሳይት ላይ መክፈል ብዙ ጊዜ አይሆንም፣ ልጁ "ካርዴ አልሰራም" ለማለት ያፍራል፣ ዝም ብሎ ይቀራል፣ እናንተ ደግሞ ፍላጎት አጥቶ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ። አንድ ሰው ከፍሎ ሁሉም የሚገባበት ነው የሚሻለው።

አራተኛ፣ ሂሳቡን በእውነተኛው የሴሽን ቁጥር አስሉት

በየሁለት ሳምንቱ ማለት በወረቀት በዓመት 26 ሴሽን ነው። አሁን ጾሙን፣ ፋሲካውን፣ ሰርጉን፣ ፈተናውን፣ መብራቱን፣ "ጉንፋን ይዞኛል"ን ቀንሱ። እኛ አምና የተጫወትነው 15 ነው፣ ዲስኮርድ ላይ ወደ ኋላ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። እናንተም ቁጠሩ፣ ካልተጫወታችሁ ደግሞ ያሰባችሁትን በግማሽ ቁረጡት።

ወርሃዊውን ለሂሳብ እንዲመቸን 6 ዶላር እንበል፣ በዓመት 72 ነው። ለ15 ሴሽን ስታካፍሉት ለአንዱ 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይመጣል፣ አምስት ሰው ካዋጣ አንድ ዶላር አይሞላም። አንድ ማኪያቶ እንኳ አይገዛም አሜሪካ። የአንዴው 50 ዶላር ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሴሽን 3 ዶላር ከ33 ነው፣ በሁለተኛው ዓመት ባዶ። ስለዚህ ፋውንድሪ ይረክሳል አላችሁ አይደል? ቆይ። ፋውንድሪ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ቁጭ ያለ ነገር አይደለም፣ የሆነ ኮምፒውተር ላይ መሮጥ አለበት፣ የናንተ ኮምፒውተር ካልሆነ ሆስቲንግ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር፣ ትከራያላችሁ። ሆስቲንጉን በወር 4 ዶላር ብንል በዓመት 48 ነው፣ በሁለት ዓመት ከነላይሰንሱ 146 ይሆናል፣ ወርሃዊው በሁለት ዓመት 144። እኩል በሉት! ርካሽ ነው ወይስ ውድ የሚለውን የሚወስነው እንግዲህ ቤታችሁ ያለው ራውተር ነው፣ ወደሱ እንሂድ።

አምስተኛ፣ ኢንተርኔታችሁን ከመግዛታችሁ በፊት ፈትኑት

ይሄን ካላነበባችሁ ሌላውን ያነበባችሁት በከንቱ ነው።

ፋውንድሪን ከቤታችሁ ኮምፒውተር ለማስኬድ ተጫዋቾቹ ከውጭ ወደ ኮምፒውተራችሁ መግባት መቻል አለባቸው፣ ለዚህ ራውተራችሁ ላይ ፖርት (ከውጭ መግቢያ በር በሉት) ትከፍታላችሁ፣ ካልቀየራችሁት 30000 ነው ቁጥሩ። ችግሩ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ የሞባይል ኔትወርክ ላይ ደግሞ በጣም ብዙዎቹ፣ ለያንዳንዱ ቤት የራሱን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) አይሰጡም፣ ብዙ ደንበኛ አንድ አይፒ ይጋራል። እንደዛ ከሆነ ፖርቱን ብትከፍቱት ብትዘጉት ከውጭ ማንም አይገባም። እንዴት ታውቃላችሁ? የራውተራችሁን ገጽ ክፈቱና ዋን አይፒ የሚለውን ቁጥር ጻፉት፣ ከዛ ጉግል ላይ አይፒዬ ስንት ነው ብላችሁ ፈልጉና የሚመጣውን አስተያዩት። አንድ ዓይነት ከሆነ ፖርት መክፈት ትችላላችሁ። ከተለያየ፣ ወይም ራውተሩ ላይ ያለው በ100.64 እና በ100.127 መካከል ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ፣ የጋራ አይፒ ነው ያላችሁ፣ ሆስቲንግ መከራየት ወይም ዲኤሙ ባይሆንም ደህና ኢንተርኔት ያለው ሰው ቤት ላይ ማስኬድ ነው መፍትሄው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና ነው፣ እኔ ግን ከገዛሁ በኋላ ነው የሰራሁት፣ ደግነቱ አለፍኩ።

ሁለተኛው ፈተና አፕሎድ ነው። ስፒድ ቴስት ስታደርጉ ሁሉም ሰው ዳውንሎዱን ነው የሚያየው፣ ሰርቨሩ ቤታችሁ ከሆነ ግን ማፑ ከናንተ ወደ ሌሎቹ ነው የሚሄደው። እስቲ እናስላው። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ቆንጆ ማፕ ፒኤንጂ ሆኖ 25 ሜጋባይት ነው እንበል። ለአምስት ሰው 125 ሜጋባይት ነው፣ አፕሎዳችሁ 2 ሜጋቢት ከሆነ ያንን ለመላክ 500 ሰከንድ፣ ማለትም ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በዛ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የናንተም ድምጽ በዛው ቀጭን መስመር ነው የሚወጣው፣ ቪቲቲ ድምጽ ሊያብስ ይችላል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ድራማቲክ ሆናችሁ "በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ ከውስጥ..." ስትሉ ከዛኛው ወገን የሚሰማው "በ... ቀ... ከው..." ነው።

ያንኑ ማፕ ዌብፒ ወደሚባለው ፎርማት ስትቀይሩት ብዙ ጊዜ ወደ 3 ሜጋባይት አካባቢ ይወርዳል፣ በዓይን ልዩነቱ አይታይም። 3 በአምስት 15 ሜጋባይት፣ በዛው 2 ሜጋቢት መስመር አንድ ደቂቃ። ነጻ ኮንቨርተር ሞልቷል። ሮል20 ላይም ይሁን አውልቤር ላይ ይሄን አድርጉት ምክንያቱም አዲስ አበባ ያለው ልጅ በዳታ ፓኬጅ ነው የሚጫወተው፣ እናንተ የጫናችሁትን እያንዳንዱን ማፕ እሱ ከፍሎ ነው የሚያወርደው። ድምጹ ያን ያህል አይበላም፣ ዲስኮርድ ላይ ሳትነኩት የሚመጣው 64 ኪሎቢት ነው፣ ለአንድ ድምጽ በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት። ቪዲዮውን ዝጉት፣ ማንም የማንንም ፊት ማየት አያስፈልገውም፣ ይልቅ ከሴሽኑ በኋላ ሰላም ለመባባል ክፈቱት።

ሶስተኛው ፈተና የተጫዋቾቹ ዕቃ ነው። ፋውንድሪ ለስልክ የተሰራ አይደለም፣ ትንሽ ስክሪን ላይ ይጨናነቃል፣ ብራውዘሩ ላይ ሃርድዌር አክስለሬሽን ካልበራ ደግሞ ይጎተታል። ግሩፓችሁ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ በስልክ ብቻ የሚገባ ካለ ውሳኔያችሁ ላይ የሱ ድምጽ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠር። እኛ ጋ ከሁለቱ የአዲስ አበባ ልጆች አንዱ ላፕቶፑ የተማሪ ላፕቶፕ ነው፣ ዳይናሚክ ላይቲንግ ያለበት ዋሻ ውስጥ ስናስገባው ስክሪኑ ጥቁር ሆነበት።

"መብራት ጠፋብኝ" አለ።

"ችቦ አለህ አይደል፣ ለኩሳ" አልኩት።

"ብሮ ችቦው ራሱ አልታይ ብሎኝ ነው።"

እየተሳሳቅን ላይቲንጉን አጠፋሁለት፣ ተስተካከለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና "መብራት ጠፋ" አለ፣ እኔም ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ላይቲንጉን መፈለግ ጀመርኩ፣ ለካ ሰፈራቸው መብራት ሄዶ ነው፣ ከደቂቃ በኋላ ዋይፋዩም ሄደ። ስለዚህ አንድ ነገር ጨምሩ፣ ሰው በመሃል ቢጠፋ ካራክተሩን ማን ይይዛል የሚለውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እና የካራክተር ሺቱ ኮፒ ቴሌግራም ላይ ይቀመጥ። በዳታ ድምጹን ብቻ ይዞ ይመለሳል፣ ማፑን ሌላው ያንቀሳቅስለታል።

ስድስተኛ፣ ሶፍትዌሩን ሳይሆን መጽሐፉን ፍሩት

ብር የሚበላው ቪቲቲው አይደለም፣ ቪቲቲው ውስጥ የሚሸጠው ነው። መጽሐፍ፣ አድቬንቸር፣ የጭራቅ ጥቅል። አንድ ፕላትፎርም ላይ (ስሙን አልጠራም) አንድ አድቬንቸር በ30 ዶላር ገዛሁ፣ ማፑ ተሰርቶ ጭራቁ ተቀምጦ የሚመጣ፣ ዝግጅት አያስፈልገውም። ሶስት ሴሽን ተጫወትንበት። ከዛ ልጆቹ ወደ ሌላ ቪቲቲ እንሂድ አሉ፣ ስንሄድ አድቬንቸሩ እዛው ቀረ፣ ፒዲኤፉን እንኳ ማውረድ አልቻልኩም ምክንያቱም የገዛሁት እዛ ውስጥ የማየት መብት ነው እንጂ መጽሐፉን አይደለም። ሱፖርት ጻፍኩላቸው፣ በትህትና አይሆንም አሉኝ። ሲገዛ ያላነበበው ማን ነው፣ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ማንኛውንም የመጽሐፍ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ሶስት ነገር ጠይቁ፣ ፒዲኤፍ አብሮ ይመጣል? ወርሃዊውን ባቆም የገዛሁት ይቀርልኛል? ያዘጋጀሁትን ካምፔይን አውርጄ ማስቀመጥ እችላለሁ? መልሱን ሳይታቸው ላይ በቀላሉ ካላገኛችሁት እንደ አይሆንም ቁጠሩት።

ደግሞ ለመጀመር መጽሐፍ መግዛት ግድ አይደለም። የዲኤንዲ መሰረታዊ ሩል፣ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ላይሰንስ ነጻ ነው፣ ፋውንድሪ ላይ የዲኤንዲውን ሲስተም (የጨዋታውን ሩል የሚያስገባላችሁን ጥቅል) ስትጭኑ ከሱ የተወሰደው አብሮ ይመጣል። ፓዝፋይንደር 2 የሚባለውን ሌላ ሮልፕሌይ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፣ የፋውንድሪው ሲስተም ሩሉን፣ ጭራቁን፣ አስማቱን በነጻ ይዞ ነው የሚመጣው። ፓዝፋይንደር ተጫውቶ ፋውንድሪ ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ብዙም ሳላስብ ግዛ የምለው ለዚህ ነው።

ሰባተኛ፣ ነገ ይኖራል ወይ?

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም ግን አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የዲኤንዲ ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ሲጂል የሚባል በጣም የሚያምር 3ዲ ቪቲቲ ለዓመታት ሲሰራ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2025 አወጣው፣ በማርች፣ ወር እንኳ በቅጡ ሳይቆይ፣ አብዛኛውን የሰራውን ቡድን አሰናበተ። ትልቅ ድርጅት ስለሆነ አይጠፋም ማለት አይሰራም። ሰርቨሩ የነሱ ከሆነ እነሱ ሲዘጉ እናንተም ትዘጋላችሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚቀመጠው፣ እንደ ፋውንድሪ ያለው፣ ቢያንስ የገዛችሁት ቨርዥን እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ በሌላ በኩል ግን ጥገናው የናንተ ነው። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ቸኩላችሁ አፕዴት ካደረጋችሁ የጫናችኋቸው ሞጁሎች (ፋውንድሪ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ይሰበራሉ፣ ያውም ሁሌ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚሰበሩት። ባካፕ ሳትይዙ አፕዴት የሚለውን አትንኩ፣ ካምፔይን መሃል ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ባትነኩት ይሻላል።

ስምንተኛ፣ ውሳኔው

እኔ ግዙ የምለው እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ ነው። ቢያንስ ስድስት ሴሽን ያው ግሩፕ አብሮ ተጫውቷል፣ ነጻው ላይ እየተጫወታችሁ አንድ የተለየ ነገር ደጋግሞ ጎድሏችኋል (ስሙን መጥራት መቻል አለባችሁ፣ "ፕሮፌሽናል እንዲመስል" ነገር አይደለም)፣ የአይፒና የአፕሎድ ፈተናውን ሰርታችኋል ወይም የሆስቲንጉን ብር ሂሳብ ውስጥ አስገብታችኋል፣ እና ዲኤሙ እንደዚህ ዓይነት ነገር መነካካት ይወዳል። የመጨረሻውን አትናቁት። ሶፍትዌር መነካካት የሚያስጠላው ዲኤም ፋውንድሪ ሲገዛ በሁለት ወር ውስጥ ከዲኤምነት ራሱ ይለቃል። እንደዛ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ወርሃዊውን ክፈሉ፣ ጣጣ የለውም፣ ሲሰለቻችሁ ታቆሙታላችሁ፣ ወይም አውልቤር ላይ ቆዩ።

ስትገዙ ብሩን አዋጡ እንጂ አካውንቱን አታዋጡ። እንደ እቁብ ሁሉም ያወጣል ግን ላይሰንሱ በዲኤሙ ኢሜይል ይሁን፣ በራሱ ኢሜይል፣ በስራ ወይም በትምህርት ቤት ኢሜይል አይደለም፣ ስራ ሲቀይር ኢሜይሉ ይዘጋል፣ ላይሰንሱም አብሮ ይጠፋል። አዋጡ ስትሉ አገር ቤት ያሉትን አትጠይቁ፣ እነሱ በዳታ ከፍለዋል። ወርሃዊ ከሆነ የሚታደስበትን ቀን ስልክ ላይ አላርም ሙሉበት፣ ካምፔይኑ ሞቶ ክፍያው የሚቀጥልበት ሰው ስንት እንደሆነ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው፣ ከነዛ ውስጥ ለአራት ወር እኔ ነበርኩበት።

እኛ በመጨረሻ ፋውንድሪን ገዛን፣ ሰርቨሩ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው ያለው ምክንያቱም የሱ አፕሎድ ከኔ ይሻላል። ከገዛን በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት 40 ሞጁል ጭኜ ነበር፣ የዱባይዋ ልጅ ስትገባ "ምንድነው ይሄ ሁሉ ቁልፍ፣ አውሮፕላን ልታስነዳኝ ነው እንዴ?" አለችኝ። አሁን ስድስት ነው ያለን። ልጁ ላፕቶፑ የከበደበት ቅዳሜ ደግሞ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ እልክና አውልቤር ላይ እንጫወታለን፣ በነጻ።